መብራቱ ጠፋ፣ ቦዩ ክፍት ነው፣ አሁን ደግሞ ለካሜራ 800 ብር

ቡና_ቁርስ — ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ጎንደሬዎች። ክፍለ ከተማውንም ቀበሌውንም አልጠራም። መንደራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ የራሱን መንደር ያስብ።

አምና ግንቦት ላይ የመንደሩ ጸጥታ ኮሚቴ ሰብስቦን በየቤቱ 600 ብር ለመንገድ መብራት አዋጡ ተባልን። 92 ቤት ነን፣ 88ቱ ከፈለ። 52,800 ብር መሆኑ ነው። ስድስት የሶላር መብራት በ33,000፣ ስድስት ምሰሶ በ15,000፣ ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋና ለሠራተኛ 4,300 ወጣ ተብሎ ተነበበልን። 500 ብር ተረፈ፤ እሷም የት እንደገባች እንጃ።

የመጀመሪያው ሰሞን እውነትም ደስ ብሎን ነበር። ልጆች ከመብራቱ ሥር ኳስ ሲያንከባልሉ ያመሻሉ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ቦርሳዬን ሳልዳብስ ቁልፌን አወጣለሁ። ከዚያ ክረምት ገባ። ነሐሴ ላይ አራተኛው ምሰሶ ጠፋ። መስከረም ላይ ሁለት ተከተለ፣ ኅዳር ላይ አንድ። አሁን የሚበሩት ሁለት ናቸው፣ እነሱም ምሽት 5 ሰዓት ሳይሞላ ይተኛሉ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እማሆይ ለኪዳን ሌሊት 10 ሰዓት ሲወጡ ቦይ ውስጥ ገቡ። የብረት መክደኛው ተነቅሎ ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጩኸት ሰምተን ስንወጣ ነጠላቸው የቦዩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መቋሚያቸው ከታች ጭቃው ውስጥ እንደተተከለ ቆሟል። እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰብሯል። አራተኛው ምሰሶ ከዚያ ቦታ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ ሲባል ስለ ቦዩ መስሎኝ ከሁሉ ቀድሜ ሄድኩ። አጀንዳው ግን የደኅንነት ካሜራ ሆኖ አገኘሁት። በየቤቱ 800 ብር። ካሜራ ኖሮ ቢሆን እማሆይ ሲወድቁ ቁጭ ብለን እናይ ነበር፣ ሌላ ምን ይጨምርልናል?

ልክፈል ወይስ አልክፈል? ብር አጥቼ ብቻ አይደለም የምጠይቀው (እሱም አለ እንጂ)።

---

የቀሃ_ማዶ — ማክሰኞ 2:31

አትክፈይ። ነገ ለቤት ካርታ ወይም ለመታወቂያ ስትሄጂ «ተባባሪ አይደለችም» ትባያለሽ። ቢሆንም አትክፈይ።

---

ባጃጅ_ሹፌር — ማክሰኞ 2:58

እኔ ማታ ማታ ነው የምሠራው፣ በተፈቀደልን ሰዓት ማለቴ ነው። ፒያሳና ፋሲል ግቢ ዙሪያ አሁን በመብራቱ ማታም ቀን ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ መንደር ስትታጠፉ ነው ጉዱ፤ ዓይን ብርሃኑን ለምዶ ስለሚመጣ ጨለማው እጥፍ ይሆናል። ከሁለት መብራት መሀል ያለ ጨለማ ሙሉ ጨለማ ከሆነ መንገድ ይብሳል፤ የሚያሽከረክር ሰው ያውቀዋል።

ቦይ ደግሞ ለባጃጅ ጠላት ነው። የፊት ጎማው አንድ ብቻ ስለሆነ ከገባ ተገለበጥክ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሞልቶ መንገዱና ቦዩ አንድ ሆነው ተሳፋሪ ይዤ ገብቻለሁ። ሴትዮዋ እግዚአብሔር አተረፋቸው፤ እኔ ሹካውን ለማቃናት የአንድ ሳምንት ገቢዬን ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ዳር ነው የማወርደው። «እስከ በር አድርሰኝ» ሲሉኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል፣ ግን ምን ላድርግ።

ካሜራው እኔን ከቦይ አያወጣኝም።

---

ሽቦ_ነኝ — ማክሰኞ 3:40

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት መብራት በየመንደሩ ጠግኛለሁ። ቡና ቁርስ፣ መብራታችሁ የሞተው በእርጅና አይደለም። ሲወለድም ደካማ ነበር።

ካርቶኑ ላይ 300 ዋት ተብሎ ተጽፎ እንደነበር እገምታለሁ። 300 ዋት በዚያች የእንጀራ ሰፌድ በማታክል ፓኔል አይበራም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፓኔሏ 20 ዋት ናት እንበል። ጥሩ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት አገኘች ማለት 100 ዋት-ሰዓት ሰበሰበች። የኛ አገር ሌሊት ክረምት ከበጋ ከሞላ ጎደል 12 ሰዓት ነው። 100ን ለ12 ስታካፍሉት 8 ዋት። እውነተኛው መብራታችሁ ያ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት አምፖል። ክረምት ላይ ደመናው ግማሹን ሲወስድባት እስከ 6 ሰዓት እንኳ መድረስ ያቅታታል።

ባትሪው ደግሞ በየሌሊቱ እስከ ታች ሲሟጠጥ ቶሎ ይሞታል። በወግ ከተያዘ ያ ዓይነት ሊቲየም ባትሪ ዓመታት ይቆያል፤ ጾሙን ካደረ ግን አንድ ክረምት ይበቃዋል። እነዚያ ሁለቱ አሁንም ምሽት 5 ሰዓት ሳይሞላ የሚተኙት ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ከተተከለ ወዲህ ፓኔሉን የጠረገው ሰው አለ? መንገዳችሁ አፈር ከሆነ በጥር አቧራ ፓኔሉ ጣት የሚያስጽፍ አቧራ ይለብሳል። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ በወር አንዴ ማበስ ማንንም አያደኸይም። ደግሞ አራተኛው ምሰሶ አጠገብ ባሕር ዛፍ አለ?

---

ቡና_ቁርስ — ማክሰኞ 3:52

አለ! እንዴት አወቅህ? የጠረገው ሰው ደግሞ የለም። መጠረግ እንዳለበትም ዛሬ ገና ከአንተ ሰማሁ።

---

ሽቦ_ነኝ — ማክሰኞ 4:05

መጀመሪያ የሚሞተው ጥላ ያጠላበት ነው፣ በዚህ ነው ያወቅኩት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ምሰሶ ሳይተከል፣ ኮሚቴ ሳይቋቋም፣ እያንዳንዱ ቤት ከአጥሩ ውጪ 9 ዋት አምፖል ቢሰቅል በወር ከ3 ኪሎዋት-ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እሱም ማለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚበላው ነው። አንድ ጋገራ! መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ እሱ እውነት ነው። ለዚያ ሁለት ሦስት ሶላር መሀል መሀል ላይ ይበቃል። እኛ ግን አምፖል ከመስቀል ምሰሶ መትከል ይቀናናል።

---

ጡረተኛ_ግምጃ_ቤት — ረቡዕ ጠዋት 1:20

ልጄ ቡና ቁርስ፣ እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መጋዘን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ዋት አላውቅም፣ ስለ ወረቀት ግን ጠይቂኝ።

600 ብሩን ስትከፍዪ ምን ደረሰኝ ተሰጠሽ? ጠቅላላ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብሩን የተቀበለው ቀበሌው ከሆነ ሞዴል 64 የሚባለውን የመንግሥት ደረሰኝ መቁረጥ ነበረበት። የተቀበለው ዕድሩ ወይም ኮሚቴው ከሆነ ደግሞ ማኅተም ያለው የራሱ ደረሰኝ። ሁለቱም ካልሆነ፣ በደብተር ላይ ስምሽ ፊት «√» ብቻ ከተደረገ፣ ያ ብር በወረቀት ፊት የማንም አይደለም።

ዕቃውም እንደዚያው። መንግሥት ዕቃ ሲረከብ በሞዴል 19 ይገባል፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ስድስቱ መብራቶች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ቢሆን የከተማው ንብረት ይሆኑ ነበር፣ ሲበላሹ ጥገና መጠየቅ ይቻል ነበር። የመንገድ መብራትና የውሃ መውረጃ ቦይ ከማዘጋጃ ቤት አገልግሎት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚሠሩ። አሁን ግን መብራታችሁ ዲቃላ ሆኗል፤ ሕዝቡ «የቀበሌው ነው» ይላል፣ ቀበሌው «የሕዝቡ ነው» ይላል፣ መሀል ላይ አቧራ ይጠጣል።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ለቦይ መክደኛ ጥያቄ ካላችሁ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ አሁን ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጽሑፍ አስገቡ፣ ግልባጩ ላይም ገቢ ማኅተም አስመቱበት። ሰኔ ላይ ሄዶ የሚያለቅስ ሰው የሚያገኘው «በጀት ተዘግቷል» ነው። እኔው ራሴ ለስንት ሰው እንደዚያ ብያለሁ።

ደግሞ የሒሳቡን ወረቀት አሳዩኝ ማለት ነገረኝነት አይደለም። በአዋጅ 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ መልስ የሚሰጥበትም ጊዜ 30 ቀን ነው። አዋጁን ጠቅሰሽ ጻፊ። ቁጥር የተጻፈበት ደብዳቤ ከመሳቢያ ቶሎ ይወጣል።

---

ቡና_ቁርስ — ረቡዕ 1:44

አባባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የተደረገልኝ «√» ብቻ ነው። በእርሳስ።

---

ኮሚቴው_ውስጥ_ነኝ — ረቡዕ 6:30

መንደሩን አውቄዋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ነኝ። ሲሰድቡን ዝም ከማለት ልናገር።

አንደኛ፣ ብር አልበላንም። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበን ርካሹን ወሰድን፤ ሌላ ቢሆን ውዱን ወስዳችሁ በላችሁ ትሉን ነበር። የስድስት ወር ዋስትና አለው ተባልን፣ በቃል። ወረቀት አለመቀበላችን ጥፋት ነው፣ አልክድም። 500 ብሯ ለዘቡ ካፖርት ማሟያ ሆናለች፣ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ካሜራውን እኛ ከሰማይ አላመጣነውም። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ ሰው እንዴት አድሮ እንደሚነጋ አያውቅም። ሁለት ቤት በአንድ ወር ተሰብሮ ተሰርቋል። እናቶች ናቸው ተነስተው «አንድ ነገር አድርጉ» ያሉት። 92 ቤት ተጠርቶ የመጣው 41 ነው፣ 33 እጅ ወጥቷል። ያልመጣው 51 ቤት አሁን በስልክ ይፈርድብናል።

ሦስተኛ፣ ይህንን ላንቺ በግል ነው፣ ግን እዚሁ ልጻፈው። ስለ ቦዩ አምና እኔ ራሴ አንስቼ ነበር። «እሱ ይቆያል» ተባለ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መብራት ሲመረቅ የሚመጣ ባለሥልጣን አለ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቆሎና ጠላ ይቀርባል። ቦይ ከድኖ ሪባን የቆረጠ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

---

የቀሃ_ማዶ — ረቡዕ 6:41

ይህ ሰውዬ ካሁን በኋላ ኮሚቴ ውስጥ የሚቆይ አይመስለኝም። ግን ወደድኩት።

---

ቡና_ቁርስ — ረቡዕ 7:10

ወንድሜ ስላሰደብኩህ ይቅርታ። እኔም አምና እጄን ካወጡት አንዷ ነበርኩ፣ ለመብራቱ። ምን ያህል ዓመት ይበራል ብዬ አልጠየቅኩም። ማን ይጠርገዋል ብዬም አልጠየቅኩም። ይበራል ሲሉን አጨበጨብን።

የካሜራው ግን አንድ ጥያቄ አለብኝ። ማነው የሚያየው? ማታ ጨለማ ውስጥ ምን ያነሣል? ምስሉስ ማን ቤት ነው የሚቀመጠው? የሴት ልጆቼን መውጫና መግቢያ አንድ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ሲያይ እንዲያመሽ አልፈልግም።

---

ከሩቅ_አገር — ረቡዕ 9:25

እኔ ውጭ ነው የምኖረው፣ እናቴ ግን እዚያው ሰፈር ናት። ካሜራውን እኔ ልላክላችሁ፣ አራት አምስቱን። እዚህ ርካሽ ነው።

---

ሽቦ_ነኝ — ረቡዕ 9:40

አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ግን ካሜራ ኢንተርኔትና መብራት ይበላል፤ በእኛ መብራት መጥፋት ባትሪ ያስፈልገዋል፣ ባትሪው ደግሞ... ከዚያ በላይ ካወራሁ ያው ወደ ምሰሶ ቁጥር አራት እንመለሳለን። ስድስት ጥሩ ባትሪ ብትልክ እኔ በነፃ እገጥማለሁ። ቀልድ አይደለም።

---

የዘቡ_ልጅ — ረቡዕ ማታ 1:15

ይህንን መድረክ ጓደኛዬ አሳየኝ። ያ ካፖርት የተገዛለት ዘብ አባቴ ነው።

ስለ እሱ ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ። በየቤቱ በወር 50 ብር ነው የተወሰነው። 92 ቤት ሙሉ ቢከፍል 4,600 ይሆናል፤ የሚሰበሰበው ግን 3,000 አይሞላም፤ ሰብሳቢ ሲመጣ «ነገ» የሚባለው ለዘቡ ብር ነው። ያለፈው ወርና ከዚያ በፊት የነበረው ወር ጨርሶ አልተከፈለውም። ከኪሱ ለባትሪው ድንጋይ ይገዛል፤ ባትሪው ጠንቶ እንዲበራ ጠዋት ጠዋት ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል።

የማን በር ጠበቅ ተደርጎ እንደማይዘጋ፣ የማን ውሻ በባዶ እንደሚጮህ፣ ማን ሰክሮ እንደሚገባ እሱ ያውቃል። ጅብ ሲገባም ፊሽካ የሚነፋው እሱ ነው። እማሆይን ከቦይ ያወጣቸው እሱ ነው፣ ከላይ «ስንወጣ» የተባለው ስብስብ የመጣው እሱ ፊሽካ ነፍቶ ነው። የኋለኛው መንገድ ላይ ነበር፣ ደርሶ ሳያስጠነቅቃቸው በመቅረቱ እስካሁን ይቆጨዋል።

ሁለቱ ቤቶች የተሰረቁበት ወር ደግሞ እሱ ታሞ ሦስት ሌሊት ያልወጣበት ወር ነው። ይህንን ስብሰባው ላይ የተናገረ አለ?

ለካሜራ 800 ብር የሚያወጣ ሰው 50 ብር ለምን ያቅተዋል፣ እሱን ብቻ ንገሩኝ።

---

ኮሚቴው_ውስጥ_ነኝ — ረቡዕ 1:50

ልጄ፣ አልተናገረም። አላወቅንም። አባትህን ነገ ቤት መጥቼ አያቸዋለሁ።

---

ቡና_ቁርስ — ረቡዕ 2:02

እኔም የኅዳርና የታኅሣሥ 50 ብር አለብኝ። እዚህ ብዙ ስጽፍ ትዝ አላለኝም ነበር። ሐሙስ ጠዋት አደርሳለሁ።

---

ጥምቀት_2012 — ረቡዕ ማታ 3:30

ስለ «የደኅንነት ወጪ» ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚመጣብኝ። ጥር 11 ቀን 2012 በፋሲል መዋኛ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ነበርኩ። ተነግሮ በማያልቅ ደስታ ነው የወጣነው፤ ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወር ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር። ለእንግዳ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ከነሕዝቡ ተናደ። ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። እኔ ከመቀመጫው ራቅ ብዬ ውሃው ማዶ ነበርኩ፤ ድምፁን መጀመሪያ ሕዝቡ እልል ያለ መስሎኝ ነበር።

እዚያ ቀን ቦታው ላይ የጎደለ ፖሊስ አልነበረም፣ የጎደለ ካሜራም አልነበረም። ሁሉም ዓይን ሕዝቡ ላይ ነበር። የእንጨቱን እግር ጎንበስ ብሎ ማየት ግን ለማንም አይታሰብም። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙ የሚወጣበት መድረክ፣ ደረጃ፣ ድልድይ ሳይ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የማየው። የእናንተ ቦይም ለእኔ ያው ነው፣ ወደ ታች ያላየነው ነገር።

---

ሲሚንቶ_እና_ጠጠር — ሐሙስ ጠዋት 12:50

ግንበኛ ነኝ። ወሬው በዛ፣ ቦዩ ስንት ሜትር ነው? ስፋቱስ?

---

ቡና_ቁርስ — ሐሙስ 1:30

በእርምጃ ለካሁት፣ ክፍት የሆነው 14 ሜትር አካባቢ ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር፣ በልጄ ማስመሪያ።

---

ሲሚንቶ_እና_ጠጠር — ሐሙስ 2:15

ብረት አታድርጉ። ብረት ያው ይነቀላል፤ ቁራሌው በኪሎ ይገዛዋል። ኮንክሪት ግን የሚሰርቀው የለም።

ስፋቱ 60 ከሆነ መክደኛው 80 ይሁን፣ በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲሜትር እንዲያርፍ። ርዝመቱን 40 አድርጉት እንጂ አንድ ሜትር አታድርጉት። 80 በ40፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ መክደኛ ወደ 77 ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለት ጎረምሳ ያነሣዋል። ከዚያ ካለፈ ቦዩን ለመጥረግ ማንም አያነሣውም፤ ቆሻሻ ከሥሩ ይሞላል፣ ሐምሌ ላይ ጎርፉ ቤታችሁ ይገባል። በሁለቱም ጫፍ የፌሮ እጀታ አጥፋችሁ ቅበሩበት፣ ከላይ እንዳያደናቅፍ ጎድጎድ ባለ ቦታ ይሁን። ደግሞ ጨርሶ አትድፈኑት፤ በየሦስተኛው መክደኛ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይኑር፣ ከመንገዱ የሚወርደው ውሃ መግቢያ ይፈልጋል።

14 ሜትር ማለት 35 መክደኛ ነው። ከአንድ የ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ አንድ ለሁለት ለሦስት (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ስትመቱት፣ አራት መክደኛ ይወጣል። ዘጠኝ ከረጢት ይበቃችኋል። ፌሮ ባለ 10፣ ከታች በኩል ይቀመጥ፤ ከላይ ያስቀመጠ ሠራተኛ ካያችሁ አባርሩት፣ ሥራ አያውቅም። አንድ ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) በየቀኑ እየተዘዋወረ ይሠራል።

ዋናው ግን ውሃ ነው። ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን እየረጠበ መቆየት አለበት፣ ጆንያ አልብሳችሁ አጠጡት። የውሃ ተራችሁ መቼ እንደሆነ አይታችሁ ጀምሩ፤ በእኛ ከተማ ሲሚንቶ ከውሃ በፊት ይገኛል።

---

የቀሃ_ማዶ — ሐሙስ 2:22

«በእኛ ከተማ ሲሚንቶ ከውሃ በፊት ይገኛል።» ከተማችንን ውሃ የሚያጠጣው አንገረብ ግድብ በደለል ሲሞላ ስንት ዓመት ነው ቆመን ያየነው። እሱም የመጥረግ ጉዳይ ነው መሰለኝ፣ ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ። የዛፉም፣ የአፈሩም ነገር ከላይ ካልተያዘ... በቃ ከርዕስ ወጣሁ።

---

ባጃጅ_ሹፌር — ሐሙስ 2:40

መክደኛው ላይ ባጃጅ ቢያልፍ ይይዛል?

---

ሲሚንቶ_እና_ጠጠር — ሐሙስ 2:44

ባጃጅ ይይዛል። አይሱዙ ካሳለፋችሁበት ግን የኔን ስም አታንሡ።

---

ጡረተኛ_ግምጃ_ቤት — ሐሙስ 3:05

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ አሳውቁ፤ «በራሳችን ወጪ እንከድናለን፣ ፈቃድ ይሰጠን፣ ሲጠናቀቅም ንብረትነቱን ይረከቡን» ብላችሁ። ርክክብ ተፈራረሙ። እንዳይደገምባችሁ።

---

ቡና_ቁርስ — ከአሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ 1:30

ስብሰባው ተካሄደ። ለምትጠይቁኝ ሁሉ ባጭሩ።

63 ቤት መጣ፤ እዚህ ያነበቡ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን ጎትተው ነው የመጡት። ኮሚቴው ውስጥ ያለው ወንድማችን ተነስቶ ወረቀቱን በሙሉ አነበበ፣ 500 ብሯን ጭምር። የዘቡ ልጅ አልተናገረም፤ አባቱ ናቸው የተናገሩት፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። አንዱ «የምጠብቀውን ቤት በር ዝጉልኝ» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ሰው ስለሳቀ አልሰማሁትም።

ካሜራው አልወደቀም። ሃያ ያህል ሰው አሁንም ይፈልገዋል፣ በተለይ የተሰረቁት ሁለቱ ቤቶች፤ እነሱን ደግሞ አልፈርድባቸውም፣ የተሰረቀ ሰው እንቅልፍ የለውም። እስከ ፋሲካ ይቆይ ተባለ። አሁን በየቤቱ 200 ብር ለሲሚንቶና ለፌሮ ይሰበሰባል፣ በዕድሩ ደረሰኝ፣ በካርቦን። ለዘቡ ያለባችሁን ሳትከፍሉ ደረሰኝ አይቆረጥላችሁም ተባለ፤ ይህንን ያሉት እማሆይ ናቸው፣ እጃቸው በጀሶ እንደታሰረ። ማንም እማሆይን አልተቃወመም።

የውጭ አምፖል ነገር እንደቀልድ ተጀምሮ 14 ቤት በዚያው ማታ ሰቀለ። የእኔም በርቷል። አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ ነጭ፣ መንገዱ የሠርግ ቤት መስሏል።

ከሩቅ አገር፣ እናትህን አግኝቻለሁ፣ ደህና ናቸው። ባትሪዎቹን ላክ።

ሽቦ ነኝ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ ያልከው እውነት ነው?

---

ሽቦ_ነኝ — እሑድ 2:10

እመጣለሁ። መጀመሪያ አራተኛውን ነው የምወጣው። ባሕር ዛፉን የሚቆርጥ ሰው አዘጋጁ፤ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ግን። መሰላል አላችሁ?

---

ቡና_ቁርስ — እሑድ 2:14

የዕድሩ አለ። አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ድንጋይ እናስገባለን።

---

ሲሚንቶ_እና_ጠጠር — እሑድ 2:20

ድንጋይ አታስገቡ። እኔ የራሴን ይዤ እመጣለሁ፣ ያው ቅዳሜ ካሳፎርማውን ላደርስ ነኝ።